የመስማት ወንፈል

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ተጠራጥሬአለሁ። ሰው ትዝታውን ሲጽፍ ያለፈበትን መከራ ይጽፋል፣ የዞረበትን አገር ይጽፋል፣ ሌላው ቢቀር አንድ ከባድ በሽታ ይጽፋል። እኔ ያለኝ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ መዋላቸው ብቻ ነው። ለክረምቱ ዕረፍት ዱርቤቴ ስገባ ለታላቅ እኅቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ምስር እየለቀመች ሰማችኝና «እሺ፣ ተቀመጡ። ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያማ ደግመው ተቀመጡ። ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ መቀመጥ ላይ ግን የአንድ ሰው ኑሮ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሰውየው ከሚስቱና ከልጆቹ ሊለይ ነበር። ይህን ብዬ ልጀምር፤ አንባቢ ካልጣመው ይተወው።

ባሕር ዳር ኮሌጅ የገባሁት ባለፈው መስከረም ነው። እዚያ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ከትምህርቱ ሌላ አንድ የሥራ ምድብ ይሰጠዋል። አንዱ ችግኝ ያጠጣል፣ አንዱ የቤተ መጻሕፍቱን አቧራ ያራግፋል። እኔን የአውሮፓ ጥናት ማዕከል መደቡኝ። ስሙን ስሰማ ፎቅ መሰለኝ፤ ልብሴን አጥቤ፣ ጫማዬን ቀብቼ ሄድሁ። ማዕከሉ ከስፖርት ዕቃ ማከማቻው ጎን ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። በመስኮቷ ጣና ይታያል። ግድግዳዋን ትልቅ የአውሮፓ ካርታ ሸፍኖታል፤ ከካርታው ሥር ሁለት ጠረጴዛና አንድ መደርደሪያ መጻሕፍት አሉ። ከበሩ ውጭ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በአናቱ ላይ በነጭ ቀለም «ወደፊት የሚቀርቡ ሕዝባዊ ትምህርቶችና ዐውደ ጥናቶች» ይላል። ከዚያ ሥር የሚመጣውን ትምህርት ርእስና ቀን በጠመኔ መጻፍ የእኔ ሥራ ሆነ። ጽሕፈቴ እንዳይዛባ በማስመሪያ እያሰመርሁ እጽፍ ነበር። የሚያነበው ሰው ግን አላየሁም።

የማዕከሉ ኃላፊ የቆላ ድባ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ተልከው አውሮፓ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ከእሳቸው በታች ያለሁት እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ ማዕከሉ ማለት እሳቸውና እኔ ነን። መምህር እላቸዋለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ሲያስረዱ የሚያውቁትን ይናገሩና ያቆማሉ፤ ሰሚው ገና ይቀጥላሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ጨርሰው ወረቀታቸውን አጥፈዋል። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ናቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የሚኖሩትም ግሽ አባይ ሰፈር ነው።

በየወሩ አንድ ቅዳሜ በኮሌጁ ትልቅ አዳራሽ ሕዝባዊ ትምህርት ይሰጣል። ሕዝባዊ ይባል እንጂ ሕዝቡ ወሬውን አልሰማም። በጥር ወር «የአውሮፓ ከተሞች እንዴት ተቆረቆሩ» የሚለው ሲቀርብ እኔ፣ የግቢው ዘበኛና ከኳስ ሜዳ ውሀ ፍለጋ የመጡ ልጆች ነበርን። ልጆቹ ውሀ እንደሌለ ሲያውቁ ሄዱ። ዘበኛው እስከ መጨረሻው ቆይቶ አጨበጨበ። መምህርም «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውት ወጡ።

በየካቲት የኮሌጁ ዲን አስጠሯቸው። ሲመለሱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ነገሩኝ።

«በግንቦት ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። አዳራሹን ባዶ ካገኙት ማዕከሉ ይዘጋል፤ እኔ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እዛወራለሁ።»

«እትዬስ?»

«ፋብሪካው አይለቃትም። ቢለቃትስ? ፋብሪካ በሌለበት አገር ሄዳ ምን ትፈትላለች?»

ስለ ልጆቹ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አላነሡም። መነጽሩን ጠርገው ጨርሰው እንደገና መጥረግ ጀመሩ።

እኔ ሰው ሲቸገር ዝም ብሎ መቆም አልችልም፤ የማይጠቅምም ቢሆን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። «መምህር፣ እኛ አገር ጤፍ ሲደርስና የሰው ጉልበት ሲያጥር . . .» ብዬ ጀመርሁ።

«ወንፈል ልትለኝ ነው» አሉ።

«አዎ፣ መምህር።»

ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ በእኔ ማሳ ከዋልህ ነገ እኔ በአንተ ማሳ እውላለሁ ማለት ነው። የሚጻፍ ነገር የለውም፤ የሚረሳው ሰውም የለም።

«ሰው ለአጨዳ በወንፈል ይመጣል» አሉ መምህር። «ለመስማት ይመጣል?»

«ዛሬ እኛ ሄደን ብንሰማላቸው ነገ እነሱ መጥተው ይሰሙልናል። በከተማው ስብሰባ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ሰው ያለው ስብሰባ ግን የለም።»

ፊታቸውን ወደ ካርታው አዞሩ። ዓይናቸው ከግሪክ ተነሥቶ ጣሊያንን አልፎ ፈረንሳይ ደረሰ።

«ሰው ለሰው፣ ቀን ለቀን?»

«ሰው ለሰው፣ ቀን ለቀን።»

«ማታለል ካለበት አልገባበትም።»

«የለበትም፣ መምህር። የታወቀ ውል ነው።»

«እንግዲያውስ ባለቤቴን እንጠይቃት» አሉ።

ባለቤታቸው ሲሰሙ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያባራ «አንተ ልጅ፣ ዱርቤቴ ስብሰባም ይታጨዳል?» አሉኝ። ከዚያ እንደ ፈረቃ ኃላፊ ማሰብ ጀመሩ። በፋብሪካው ሐሙስ ሐሙስ የውይይት ክበብ አለ፤ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ ስለሚሮጥ አወያዩ ብቻውን ይቀራል። «የምታመጣውን ተማሪ ያህል ሠራተኛ አመጣልሃለሁ» አሉኝ። «የሚተኛ ተማሪ ግን አልቀበልም። እኔም የሚተኛ ሠራተኛ አልሰጥህም።»

ቀጥዬ ሐይቁ ዳር ወዳሉት ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የመረቡን ጫፍ በእግራቸው ጣት ይዘው ይጠግኑ ነበር።

«የምን ሥራ ነው?» አሉኝ።

«መስማት ነው።»

«መሸከም አለበት?»

«የለበትም። መቀመጥ ነው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ቀትር።»

«ምሳስ?»

ስለ ምሳ አላሰብሁም ነበር። ሊቀ መንበሩ ቀና ብለው አዩኝና «ምሳ የሌለው ወንፈል ወንፈል አይደለም፣ ምርኮ ነው» አሉ። ምሳ እንደሚኖር ቃል ገባሁ። ከማን እንደሚመጣ ግን አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ውል ከሐይቁ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ከሚያስተምሩ መሪጌታ ጋር ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልሁ። የእሳቸው አቤቱታ ሌላ ነበር።

«የእኔ ደቀ መዛሙርት ሲሰሙ ይውላሉ። የአንተ ተማሪ ከደወል እስከ ደወል ነው የሚሰማው። ይህ እንዴት ሰው ለሰው ይሆናል?»

እውነታቸውን ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ የእሳቸው አንድ ተማሪ በእኛ ሁለት ተማሪ እንዲመነዘር ተስማማን። በምላሹ ደቀ መዛሙርቱ ቅኔ ሲቀኙ ሄደን ልንሰማ ነው።

የክፍሌን ልጆች ማሳመን እንደፈራሁት አልከበደኝም። አንደኛ ዓመት ስለ ሆንን ተሰለፉ ሲባል መሰለፍ ለምደናል። ለምን እንደምንሰለፍ የጠየቀ ሰው እንኳ አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ መጋቢትንና ሚያዝያን ስንሰማ ከረምን። ሐሙስ ፋብሪካው ውስጥ ስለ ማሽን ዘይት አወጣጥ ሰማን። ቅዳሜ የኔታ ዘንድ ቅኔ ሰማን፤ ግእዝ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም፤ ሆኖም ቅኔው ሲሞላ ሰሚው «ይበል» ማለት ስላለበት የኔታ በዓይናቸው ይጠቅሱናል፣ እኛም በአንድ ድምፅ «ይበል» እንላለን። ተቀኚዎቹ ልጆች እንዲህ ያለ ጉባኤ አጋጥሟቸው አያውቅም ነበርና ቅኔው በረከተ። ማክሰኞ ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዘንድ እንቀመጣለን። ሊቀ መንበሩ ሥራ አዋቂ ናቸው፤ የቆምን እንደሆነ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ ይሉናል፣ የተቀመጥን እንደሆነ ጀርባችን እንዳይጎብጥ ያዩታል። አንድ ቀን ስብሰባው መካከል አቋርጠው «ይኸኛው ያዛጋል። ይቀየርልኝ» አሉኝ። ቀየርሁላቸው። እኔ ደግሞ እየጻፍሁ ስለምሰማ «የሚጽፈው እንደ ሁለት ይቆጠር» ብለው ፈረዱልኝ።

ችግሩ ስብሰባዎቹ መሙላታቸው ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ቤት ወንበሩን ሁሉ ተማሪ ስለ ያዘው አባላቱ ሲመጡ ቦታ ያጣሉ፤ በመስኮት ጥቂት አይተው ወደ ታንኳቸው ይመለሳሉ። የመረብ ዓይን ይስፋ ወይስ ይጥበብ የሚል ጉዳይ ለድምፅ ሲቀርብ ይስፋ ለሚለው እጃችንን አወጣን፤ ይጥበብ ለሚለውም እንዳይከፋቸው ብለን አወጣን። ሁለቱም በሙሉ ድምፅ አለፉ። በዚያው ቀን ምርጫ ነበር። አዘውትሮ የተገኘ ሰው ሲፈለግ እኔ ሆንሁ።

ማዕከሉ ስመለስ ለመምህር ነገርኋቸው። «ተመርጫለሁ፣ መምህር።»

«ምን ሆነህ?»

«ተተኪ የመረብ ተቆጣጣሪ።»

«ዓሣ አስግረህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ዋናስ?»

«አልችልም፣ መምህር።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝና ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ።

ወሬው ሲዛመት ሌሎችም መጡ። የጤና ጥበቃው፣ የእርሻው፣ የቀበሌው ሰዎች «እኛም እንግባ» አሉ። እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ለግንቦቱ ትምህርት የሚመጣው ሰው እየበዛ፣ የምንሰማው ስብሰባም እየበዛ ሄደ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ እንኳ መምህሩ ባሕር ዛፍ ስለ መትከል ሲናገር ከልማድ የተነሣ «ይበል» ማለት ጀምረው ነበር።

ቀኑ ደረሰ። በሰሌዳው ላይ «ዳኑብ ወንዝና በዳርቻው የሚኖሩ ሕዝቦች» ብዬ ጽፌአለሁ። ተናጋሪው አዲስ አበባ የሚያስተምር አውሮፓዊ እንግዳ ነው፤ በጠዋት አውሮፕላን ይመጣል። ገምጋሚዎቹ ከዋዜማው በመኪና ገብተዋል። ማለዳ አዳራሹ ሞላ። ፋብሪካው ሁለት መኪና ሙሉ ላከ። የኔታ ነጭ ጋቢ ከለበሱ ደቀ መዛሙርታቸው ጋር ግራውን ያዙ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው፣ አንዱም ከነአማቱ መጣ። ሰው ተርፎ በመስኮቶቹ ላይ ተቀመጠ።

ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። አውሮፕላኑ በጭጋግ ምክንያት አልተነሣም።

ዲኑ «ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፍ» አሉ።

እኔ ለዲን መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ግን ዝም ብል መምህር ይሄዳሉ፤ «ጓድ ዲን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ። «ወንፈል አይተላለፍም።»

«ምን አይተላለፍም?»

«ሰዎቹ ቀናቸውን ሰጥተዋል። ሥራ የለም ብለን ብንመልሳቸውም ቀኑ ይቆጠርላቸዋል። ሌላ ጊዜ አይመጡም።»

ዲኑ ወደ መምህር ዞሩ። «ይህ ልጅ የሚለው ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አሉ መምህር። «እኔ እናገራለሁ። ዳኑብ ዳር ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ።»

ወጥተው ቆሙ። ዳኑብ ከትንሽ ምንጭ ተነሥቶ ብዙ አገር እንደሚያቋርጥ፣ እያንዳንዱ አገር በራሱ ስም እንደሚጠራው፣ በመጨረሻም ጥቁር ባሕር እንደሚገባ ነገሩን። ሰው ዓሣ እንደሚያሰግርበት፣ ልብስ እንደሚያጥብበት፣ ብዙ ጊዜም እንደተዋጋበት ነገሩን። «እኔ በነበርሁበት ጊዜ አንድ ክረምት በረዶ ሆነ፤ ሰው በላዩ ተራመደ። እኔ ፈርቼ አልተራመድሁም» አሉና ወረቀታቸውን አጠፉ። ጊዜው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ዘበኛው አጨበጨበ። ገምጋሚዎቹ ለመነሣት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ሌላ የተነሣ ሰው ግን የለም። ሕዝቡ እንደ ተቀመጠ ነው። የዓሣ አስጋሪዎቹ ሊቀ መንበር ቆሙ።

«መምህር፣ እኛ እስከ ቀትር ነው የመጣነው።»

«ጨረስሁ እኮ» አሉ መምህር።

«ገና ጠዋት ነው። አሁን ብንሄድ ግማሽ ቀን አይሞላልንም። ኋላ ጎደለ ብላችሁ ልትቆርጡብን ነው። ሥራ ይጨመርልን።»

የፋብሪካ ሴቶች «እውነት ነው» አሉ። መምህር ጥያቄ ያለው እንዳለ ጠየቁ፤ መጠየቅ በውሉ ስላልነበረ ማንም አልጠየቀም። በዚህ ጊዜ የኔታ ከተቀመጡበት «ያስቀጽሉን» አሉ።

«ምን ላድርግ፣ የኔታ?»

«አንድ ቃል ይበሉ፤ እኛ ተከትለን እንላለን። ያኔ ሥራ ይሆናል።»

መምህር ወደ እኔ አዩ። እኔም በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም «ዳኑብ ከትንሽ ምንጭ ይነሣል» አሉ።

ደቀ መዛሙርቱ በዜማ «ዳኑብ ከትንሽ ምንጭ ይነሣል» አሉ። ጣራው አስተጋባ።

«ብዙ አገርም ያቋርጣል።»

አሁን የፋብሪካው ሠራተኛ ጨመረ። ሦስተኛውን ቃል ዓሣ አስጋሪዎቹ፣ አራተኛውን በመስኮት ላይ ያሉት አብረው አሉት። መምህር ትምህርቱን እስከ ጥቁር ባሕር አደረሱት፤ ገና ቀትር ስላልነበረ ወደ ምንጩ ተመለሱ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ሕፃናቱ ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። «እኔ ፈርቼ አልተራመድሁም» የሚለው ላይ ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ አለመራመዱን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል።

የገምጋሚዎቹ መሪ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ይህ የማስተማር ዘዴ ከየት የተገኘ ነው?» አለኝ።

«ከአካባቢው ነው፣ ጓድ።»

ጻፈው።

ቀትር ላይ እትዬና የፈረቃቸው ሴቶች እንጀራና ወጥ፣ በጋን ጠላም ይዘው መጡ። ጠላ ወደ አዳራሹ ስለማይገባ በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ገምጋሚዎቹም አብረው በሉ። ሊቀ መንበሩ የመሪውን ልብስ ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ «እርስዎ በማን በኩል ነው የመጡት?» አሉት።

«በአዲስ አበባ በኩል።»

«መልካም። እንግዲያው እኛም አንድ ቀን አዲስ አበባ መጥተን እንሰማልዎታለን» አሉ ሊቀ መንበሩ። ሰውየው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ማዕከሉ እንደማይዘጋ ተነገረን። መምህር በዚያን ቀን መነጽራቸውን አልጠረጉም፤ ልጆቻቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ በመስኮቱ አየኋቸው። ደስታው ግን ሳምንት አልቆየም። ዲኑ ራሳቸው ወደ ማዕከላችን መጡና የመምህርን እጅ ጨበጡ። ሕዝብን በዚህ ዓይነት ማሰለፍ የሚችል ሰው በአገሩ አልተገኘም፤ ስለዚህ በዕድገት ወደ አዲስ አበባ ይዛወራሉ፣ ዘዴውን በየክፍለ ሀገሩ ያስፋፋሉ። በሰኔው ትምህርት ዕለት አንድ ባለ ሥልጣን መጥቶ ሥራውን አንድ ጊዜ ካየ በኋላ በመኪናው ይዟቸው ይሄዳል።

ዲኑ ሲወጡ መምህር ተቀመጡ። «ባዶ ቢሆን ወደ ክፍለ ሀገር፣ ሙሉ ቢሆን ወደ አዲስ አበባ» አሉ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድን። እትዬ ከሥራ መግባታቸው ነበር፤ ጥጥ በጸጉራቸው ላይ እንዳለ ሰሙን። «እንግዲህ ግማሽ ሰው ጥሩ» አሉ። ቀልዳቸው ግን እሳቸውንም አላሳቃቸውም። ፋብሪካው እሳቸውን ወደ አዲስ አበባም አይለቅም።

ባለ ሥልጣኑ የሚያየው ዘዴ እንዲያጣ እኔ ሰዎቹ በሰኔ እንዳይመጡ ልነግራቸው ዞርሁ። ይህ ከመጥራቱ የከፋ ሥራ ሆነ። ሚያዝያን ሙሉ ሰምተንላቸዋል፤ የቀረ ዕዳ አለባቸው። ፋብሪካው «የወንፈል ዕዳ ይዘን ክረምት አንገባም» አለኝ። የኔታ ተቆጡ፤ «የሰው ቀን በልቶ መቅረትን ልጆቼ በእኔ ቤት አልተማሩም» አሉ። የጤና ጥበቃው ሰው ደግሞ «ምን አጠፋን? ባለፈው አዛጋን?» ብሎ ቅር አለው። ከሁሉም ዘንድ ይቅርታ ጠይቄ፣ እንደሚመጡም በድጋሚ ቃል ተቀብዬ ተመለስሁ።

አንድ ማኅበር ብቻ ዕዳ አልነበረበትም፤ እነሱም ዓሣ አስጋሪዎቹ ናቸው። ከነቤተሰባቸው ስለ መጡ እኛ ነበርን የእነሱ ባለ ዕዳ። ሊቀ መንበሩም ይህን ስለማይረሱ ማዕከሉ በር ላይ መጥተው ቆሙ። የታንኳ መጠጊያው ድንጋይ ፈርሷል፤ ሐይቁ ሳይሞላ መካብ አለበት። «በመስማት የምትከፍሉኝ ከሆነ ይቅርብኝ» አሉ። «የሚሰማኝ ሰው ጠግቤአለሁ። የሚሸከም አምጡልኝ።»

እትዬ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ሊያስቀምጡ መጥተው በሩ ላይ ነበሩ። ሊቀ መንበሩን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ፋብሪካው ለእናንተ አለበት» አሉ። «የኔታም አለባቸው፤ ጤና ጥበቃውም አለበት። እናንተ ደግሞ ለጋሼ ሊቀ መንበር አለባችሁ። ታዲያ ሰዉ ለምን በእናንተ በኩል ይዞራል? በቀጥታ ሄዶ ድንጋዩን አይሸከምም?»

መምህር «በየትኛው ቀን?» አሉ።

«በትምህርቱ ቀን ነዋ።»

ሊቀ መንበሩ ስንት ሸካሚ እንደሚመጣ ብቻ ጠይቀው ተስማሙ። መምህር ግን አንድ ነገር አሰቡ። «ይህ ሰውን አትምጣ ማለት አይሆንም?» አሉኝ።

«አይሆንም፣ መምህር። የሥራው ቦታ ነው የተለወጠው።»

እንደገና ዞርሁ። በዚህ ጊዜ ቅር ያለው ሰው አልነበረም፤ መሸከም ከመስማት ይቀላል አሉ። የኔታ ብቻ «አንዱ በሁለት መሆኑ ለድንጋይም ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ለድንጋይ ሰው ለሰው ነው አልኋቸው። ተቀበሉኝ።

የሰኔ ሚካኤል በዋለ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንበሮቹን ሁሉ በመስመር ደረደርሁ። በሰሌዳው ላይ «ባቡርና የአውሮፓ ገበሬ» ብዬ በማስመሪያ ጽፌአለሁ። ባለ ሥልጣኑ ከዲኑ ጋር ገብቶ ፊት ተቀመጠ። እኔና ዘበኛው ከኋላ ነበርን። መምህር ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥተው ለባዶው አዳራሽ ሙሉውን ትምህርት፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ አስተማሩ። ባቡር ሲመጣ ገበሬው በሬው ይደነግጥብኛል ብሎ እንደ ተቃወመ፣ ኋላ ግን ወተቱን በባቡር እንደ ላከ ተናገሩና ወረቀታቸውን አጠፉ። ዘበኛው አጨበጨበ።

ባለ ሥልጣኑ ዞሮ ወንበሮቹን አየ። «ሕዝቡ የት አለ?»

«ሥራ ላይ ነው፣ ጓድ» አሉ መምህር።

ሕዝቡ ለምን ሥራ ላይ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ባለ ሥልጣን የለም። ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከታች፣ ሐይቁ ዳር፣ የፋብሪካው ሰማያዊ ቱታና የደቀ መዛሙርቱ ጋቢ ተቀላቅሎ ድንጋይ ሲቀባበል ይታያል። የእኛም ልጆች እዚያ ነበሩ። ድምፃቸው ይሰማል፤ ድንጋዩን ሲያነሡ በዜማ «ብዙ አገርም ያቋርጣል» ይላሉ።

«እነዚያ ናቸው?»

«እነዚያ ናቸው።»

«ማን ነው ያሰማራቸው?»

መምህር ውሸት አይናገሩም፤ ያሰማራኋቸው እኔ ነኝ ካሉም ወደ አዲስ አበባ መሄዳቸው ነው።

«ማንም አላሰማራቸውም። ዕዳቸውን እየከፈሉ ነው።»

«የምን ዕዳ?»

«የመስማት።»

ባለ ሥልጣኑ ዲኑን አየ። ዲኑ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ሰውየው ቦርሳውን ዘጋና «ጓድ፣ ለባዶ ወንበር ትምህርቱን የሚጨርስ ሰው ለዋናው መሥሪያ ቤት አይሆንም» አለ። «ባሉበት ይቀጥሉ።»

ዲኑ «ማዕከሉስ?» አሉ።

«እሱም ባለበት ይቀጥል።» የመኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማን።

መምህርና እኔ ወደ ሐይቁ ወረድን። እትዬ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በሰልፉ መካከል ቆመዋል። «ምን አሉህ?» አሏቸው።

«ባለህበት ቀጥል።»

እትዬ የያዙትን ድንጋይ አቀበሏቸው፤ መምህርም ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀብለው ለእኔ አሳለፉ። እስከ ከሰዓት በኋላ ሠራን። መጠጊያው ሲያልቅ ሊቀ መንበሩ ላዩ ላይ ወጥተው ረገጡት፣ አልተነቃነቀም። ከዚያ ለፋብሪካው፣ ለየኔታ፣ ለጤና ጥበቃው፣ ለቀበሌው፣ ለእኛም በየተራ «የቀረህ አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም የለም አለ። «እንግዲህ ማንም በማንም ላይ የለውም» አሉ፤ ሰዉም እጁን ታጥቦ ምሳ በላና ወደየቤቱ ሄደ። ቀኑ ሰኔ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።